ቦሎ የተለጠፈለት ናስትሮ

ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ወላይታ ሶዶ

በከተማችን የተሽከርካሪዎችን ዓመታዊ ምርመራ በበላይነት ለሚመሩት ለተከበሩ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን ለሰኔ ሚካኤል በሰላም አደረሰዎ እያልኩ፣ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እመኛለሁ። እኔ ዓመለወርቅ ሻንቆ እባላለሁ። በዚሁ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ፣ አንዲት ያረጀች ቪትዝ ያለችኝ፣ እሷንም ከቤቴ ደጃፍ አቁሜ በገዛ እጄ የምጠግን ሴት ነኝ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ በማመልከቻ ጽፌልዎት ነበር። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገብተው በዚያው ስለቀሩ፣ አራተኛውን ሕዝብ እያነበበው እንዲደርስዎ በአደባባይ መጻፍን መርጫለሁ፤ ስለ ድፍረቴም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው። ከሶዶ ቢጠና የሚመላለስ አንድ ሚኒባስ ፍሬኑ ታሟል። ሾፌሩ ያውቃል፣ ባለቤቱ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ግን ጤነኛ ነው ብሎ ቦሎ ለጥፎለታል፤ በሽታውን ያገኘሁበትን መሣሪያም ከእጄ ወስዶ ቆልፎበታል። በዚያ ሚኒባስ ላይ ከሚሳፈሩት አንዷ ልጄ ናት። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ከዚህ በታች በቁጥር የማቀርበው፣ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማይቀበል በብዙ ምልልስ ስለተማርኩ ነው።

አንደኛ፤ ኮድ ማንበቢያ የሚባል ነገር በዚህ ምድር ላይ መኖሩን እንዳውቅ ስላደረጉኝ አመሰግንዎታለሁ። ዓምና በግቢዎ በር ላይ «የዳሽቦርድ ማስጠንቀቂያ መብራት የበራበት ተሽከርካሪ አይመረመርም» የሚል ማስታወቂያ ባያሰቅሉ ኖሮ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ጋራዥ ለጋራዥ እየዞርኩ እኖር ነበር። ያን ጊዜ የመኪናዬ የሞተር መብራት በርቶ አልጠፋ ብሎኝ ነበር። አንዱ ጋራዥ ካንዴላ ቀየረ፤ ሌላው ኮይል ቀየረ፤ ሦስተኛው የነዳጅ ፓምፑን ሊያወርድ ሲነሳ አስቆምኩት፤ ሦስቱም በግምት እንጂ በምርመራ አልነበረም። ስለዚህ የመኪናው ኮምፒውተር ምን እያለ እንደሚያለቅስ ራሴ ለመስማት፣ ከመሪው ሥር ተሰክቶ ችግሩን በቁጥር የሚያነብ መሣሪያ ለመግዛት ወሰንኩ።

የትኛውን እንደምመርጥ በመጀመሪያ የጠየቅሁት የእርስዎን መሥሪያ ቤት ነው፤ ዜጋ ነኝና። መስኮት ቁጥር ሦስት፣ ስለ ተፈቀዱ መሣሪያዎች የቴክኒክ ኮሚቴው ዝርዝር እያዘጋጀ ስለሆነ እንድጠብቅ በትሕትና ነገረኝ። ጠበቅሁ። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ አልወጣም፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ስለዚህ የኮሚቴውን ሥራ እኔው ሠራሁት፤ ውጤቱንም ያለ አበል አቀርብልዎታለሁ። አውራ ጣት የምታክለውና በስልክ የሚያነቧት ዓይነት ሞተሩን ትናገራለች እንጂ ስለ ፍሬን ቢጠይቋት ዝም ትላለች። ትልቁ ታብሌት መሳዩ ለጋራዥ እንጂ ለእንደኔ ዓይነቱ አይደለም። መካከለኛው፣ የራሱ ገመድና የራሱ ስክሪን ያለው፣ ሞተርንም ፍሬንንም የአየር ከረጢትንም ያነባል። ሻጩ «ሁሉንም መኪና፣ ሁሉንም ነገር ያነባል» ሲለኝ፣ ሁሉን አውቃለሁ የሚል ተማሪ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ከልምዴ ስለማውቅ፣ ሱቁ ደጃፍ በቆመችው መኪናዬ ላይ ሳልሞክረው አልወሰድኩትም። ፍሬን ማንበቡን በዓይኔ አይቼ ነው የመረጥኩት። የመኪናዬም ሕመም አንዲት የተሰነጠቀች የአየር ቱቦ ሆና ተገኘች፤ በዚያው ቀን ቀየርኳት፤ መብራቱም ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኮሚቴው ይጠቅማል። መሣሪያው መልስ አይሰጥም። የት ጎንበስ ብለን ማየት እንዳለብን ይጠቁማል፤ ማየቱ የሰው ሥራ ነው።

ሁለተኛ፤ ማስታወቂያዎ በከተማችን አዲስ ሙያ ስለፈጠረ በሥራ አጦች ስም አመሰግናለሁ። ዘንድሮ በሚያዝያ መኪናዬን ለምርመራ ሳመጣ፣ ከግቢዎ በር መቶ እርምጃ ሳይርቅ መብራት የሚያጠፉ ሰዎች ተሰልፈው አገኘሁ። ሙያቸው መጠገን አይደለም፤ ማጥፋት ነው። መሣሪያ ያለው ኮዱን ይሰርዛል፣ መብራቱም መኪናው ግቢዎን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ አደብ ይገዛል። መሣሪያ የሌለው ደግሞ ጥቁር ናስትሮ ይለጥፍበታል። እኔ እነሱን አልወቅስም፤ ማስታወቂያዎ የከለከለው መብራቱን እንጂ በሽታውን አይደለም፤ ሕዝቡም የተከለከለውን ብቻ አስወገደ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በእርስዎ ግቢ ግን ቦሎ ይገኝለታል።

ከፊቴ ተሰልፎ የነበረው ያ የቢጠና ሚኒባስ ነው። አንድ ጎልማሳ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ፣ ናስትሮውን በጥርሱ በጥሶ፣ የፍሬን ማስጠንቀቂያው መብራት ላይ ሲለጥፍ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ከዚያም ሚኒባሱ ገባ። መርማሪው ደገፉ ዳሽቦርዱን ተመለከተ፣ የበራ ነገር አላየም፣ ምልክት አደረገ። የፍሬን መፈተሻችሁ ከተበላሸ ስለቆየ፣ ፍሬኑ የተፈተነው በደረቅ ቀን፣ በሜዳ ግቢ ውስጥ፣ ባዶውን አምስት እርምጃ ያህል ተነድቶ ነው። ደገፉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጎማና መንገድ ስለሚፈጥሩት ሰበቃ ጠይቄው ደህና አድርጎ መልሶልኝ ያውቃል፤ ቁልቁለትና ጭቃም ጥያቄው ውስጥ ነበሩበት። ያን ዕለት ሰላም ሲለኝ ዓይኔን ማየት አልፈለገም።

ሦስተኛ፤ የእኔ መኪና፣ አንድም መብራት ሳይበራባት፣ የእሳት ማጥፊያዬ ቀለም ደብዝዟል ተብላ ተመለሰች፤ እሳቱን የሚያጠፋው ቀለሙ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞክሬ ስላልተሳካልኝ በማግስቱ ቀይ ቀለም ቀብቼው መጣሁ፣ አለፈችም፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ ይህ ምስክርነት ነው። ልጄ ሃይሚ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሥራዋ ከቢጠና አለፍ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ነው፤ ሰኞ ማለዳ ሄዳ ዓርብ ትመለሳለች። በግንቦት የመጀመሪያ ሰኞ ልሸኛት መናኸሪያ ስደርስ ያ ሚኒባስ ተራ ይዞ ቆሟል፤ አዲሱ ቦሎ መስታወቱ ላይ ያበራል። ሾፌሩን ትግሉን፣ መሣሪያዬን እንድሰካ ይፈቅድልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ስሙን የምጽፈው አስፈቅጄው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር፣ እኔም እሷን እፈራታለሁ፤ ፍሬኗ ከረገጥኩት በኋላ ቆይቶ ነው የሚያስበው» አለኝ።

መሣሪያው ሞተሩን ደህና ነው አለ። ፍሬኑ ጋ ሲደርስ፣ ከግራ የኋላ ጎማ የሚመጣው ምልክት እንደተቋረጠ ነገረኝ። መሣሪያው የሚያውቀው እስከዚያ ስለሆነ ካርቶን አንጥፌ ከሥር ገባሁ። የጎማው የውስጥ ገጽ በፍሬን ዘይት ረጥቧል፤ አቧራው ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ምልክት ሰጪዋን ሸፍኗታል። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ሲሊንደር ያፈሳል፣ ፍሬኑ በየቀኑ ይደክማል። ጎማ በጭቃ ላይ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው ኮምፒውተርም ሥራውን አቁሟል። ይህን የሚናገረው መብራት ደግሞ በናስትሮ ታፍኗል። ክረምቱ እየገባ ነው፤ መንገዱን እርስዎም ያውቁታል፣ ቁልቁለቱንም።

የልጄን ቦርሳ አወረድኩ። ሃይሚ በሰው ፊት አሳፈርሽኝ ብላ ፊቷ ቀላ። የተሳፈሩት ምን ተገኘ ብለው ሲጠይቁኝ ያየሁትን በአማርኛም በወላይትኛም ነገርኳቸው። ግማሾቹ ወረዱ። ግማሾቹ እርስ በርስ ተያዩና ተቀመጡ፤ ገበያ የሚረፍድበት፣ ሕመምተኛ የሚጠይቅ ሰው እስከ ቀትር ሌላ መኪና እንደማያገኝ ያውቃል። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ወርዳ፣ ትንሽ አሰበችና ተመልሳ ገባች። ሚኒባሱ ሄደ። እኔ የራሴን ልጅ አወረድኩ፤ የሌላ ሰው ልጅ ማውረድ አልቻልኩም። ያቺ ሴት ተመልሳ ስትገባ አጠገቧ ቆሜ ነበር፣ ክንዷን እንኳ አልያዝኩም፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አምስተኛ፤ የሚኒባሱን ባለቤት እቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር አቀረበልኝ፣ እስክጨርስም ሰማኝ። ከዚያ ግን «እህቴ፣ መንግሥት ጤነኛ ነው ብሎ ቦሎ የለጠፈለትን አንቺ ማን ነሽና ነው በሽተኛ የምትዪው?» አለኝ። ክቡር ኃላፊ፣ ቦሎው ባይለጠፍለት ኖሮ ያ ሰው በማግስቱ ጋራዥ ያስገባው ነበር፤ መኪና ካልሠራ አይበላምና። እርስዎ ግን መጠገንን ትርፍ ድካም አደረጉለት።

ስድስተኛ፤ ይህ እጅግ የተደነቅሁበት ነው። ያየሁትን ጽፌ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ስመጣ፣ በግለሰብ ቃል ብቻ ቦሎ እንደማይሰረዝና የመሣሪያ ማስረጃ እንዳቀርብ ተነገረኝ። መሣሪያውን ይዤ ቀረብኩ። ያን ጊዜ ደግሞ ያለ ሙያ ፈቃድ ተሽከርካሪ መርምረሻል ተብዬ መሣሪያው ተያዘብኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ማስረጃ አምጪ ያለኝና ማስረጃዬን የነጠቀኝ አንድ ሰው፣ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ መስኮት ነው፤ ለሥራው ቅልጥፍና ሽልማት ይገባዋል።

በሳምንቱ ልጠይቅ ብመለስ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ አቶ ጸሐዬ አንገታቸውን ደፍተው አሳዩኝ፤ ኮድ ማንበቢያዬ በሞዴል 19 ገቢ ተደርጎ፣ በጀርባው ላይ በነጭ ቀለም የጽሕፈት ቤቱ የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል። አሁን የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ለእኔ ለመመለስ መጀመሪያ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተሰብስቦ አገልግሎት የማይሰጥ ነው ብሎ መወሰን አለበት አሉኝ። አገልግሎት የሚሰጥ መሆኑ ነው እንግዲህ ጥፋቱ። እዚያው ሳለሁ በቢሮዎ በር አሻግሬ ስመለከት፣ መሥሪያ ቤትዎ ቀደም ብሎ ያስመጣውን ትልቁን መመርመሪያ አየሁት፤ ከነፕላስቲኩ ነጭ ዳንቴል ለብሶ የአርቲፊሻል አበባ ማስቀመጫ ሆኗል። አበባው ያምራል። ቢያንስ ምርጫው ላይ ልርዳዎ፤ አበባ ለማስቀመጥ የእኔ ትንሹ አይሆንዎትም፣ ይወድቃል።

ሰባተኛ፤ መሣሪያዬ ከተወሰደ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ልጄን በራሴ መኪና ማድረስ ጀመርኩ፤ መናኸሪያ ቆመው ከማያቸው መካከልም ሦስት ሰው እጭን ነበር፣ አንድም ሳንቲም ሳልቀበል። በሦስተኛው ሳምንት ከባልደረቦችዎ አንዱ አስቆመኝና፣ ያለ ፈቃድ ሕዝብ ታመላልሻለሽ ብሎ ታርጋዬን ፈታው። መኪናዬ አሁን ሙሉ ጤነኛ ሆና ግቢዬ ውስጥ ቆማለች።

ስለዚህ ባለፈው ሰኞ ልጄ ወደዚያው ሚኒባስ ተመለሰች። እንድትቀር ለመንኳት፤ ተቆጣኋት፤ አለቀስኩባትም። «እማዬ፣ ምጥ ቀጠሮ አያውቅም» ብላኝ ሄደች። መድረሷን ደውላ እስክትነግረኝ ድረስ ስልኬን በእጄ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ዝናብ ይዘንብ ነበር።

እስካሁን በትሕትና ጻፍኩ፤ ከዚህ በላይ አይሆንልኝም። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ኃላፊ። የተናደድኩት መሣሪያዬ ስለተወሰደ አይደለም፤ ቁጥሩ እንደተጻፈበት ይኑርዎት። ታርጋዬም ይቆይ፣ በእግሬ መሄድ እችላለሁ። የተናደድኩት አንድ ሲሊንደር ለመቀየር ግማሽ ቀን የሚበቃው ሥራ፣ የእርስዎ ማኅተም ስለቆመበት ብቻ ሁለት ወር ሊሞላው ስለተቃረበ ነው። የተናደድኩት ሁላችሁም እያወቃችሁ ስላሳለፋችሁት ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያን ሚኒባስ ሲሊንደሩ እስኪቀየር ድረስ ያቁሙት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ፤ ቅጠሉን እርስዎ ነዎት የያዙት።

ካልቆመ የሚሆነውን እኔም እርስዎም እናውቃለን። ጅብ ከሄደ ውሻ እንደሚጮኸው፣ በማግስቱ አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል። ሪፖርቱን ከወዲሁ ልጽፍልዎት እችላለሁ፤ «ተሽከርካሪው ዓመታዊ ምርመራውን በአግባቡ ያለፈ ሲሆን፣ የአደጋው መንስኤ የአሽከርካሪው ፍጥነት ነው።» ትግሉ ያን ጊዜ በሕይወት ቢኖር እንኳ የሚሰማው አይኖርም። የእኔ ሦስት ማመልከቻዎችም ከመዝገብ ቤት ይጠፋሉ። ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ ብዙ ሰው እጅ ላይ ያኖርኩት።

ስለ ሰጡኝ ጊዜ፣ ስለ አስተማሩኝ ትዕግሥት፣ ልጄንም በየሳምንቱ በጸሎት እንድሸኝ አድርገው ሃይማኖቴን ስላጠነከሩልኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ እርስዎ በሚያስተዳድሩት መንገድ ላይ ሁሉም ሰው እቤቱ እንዲገባ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ዓመለወርቅ ሻንቆ
የፊዚክስ መምህርት፣ ታርጋ የሌላት መኪና ባለቤት፣ የአንዲት ተሳፋሪ እናት

ግልባጭ፦
ለሚኒባሱ ባለቤት
ለሾፌር ትግሉ
ከሶዶ ቢጠና ለሚሳፈር ሁሉ

ማስታወሻ፤ ደብዳቤውን ላደርስ ዛሬ ረፋድ ግቢዎ ስገባ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የፊታችን ቅዳሜ ቢጠና ላይ ለሚሰጠው የመንገድ ደህንነት ግንዛቤ ማስጨበጫ የሚሄዱ የአሥራ አራት ሠራተኞች ስም ዝርዝር ተለጥፎ አየሁ፤ የተከራያችሁት መኪና ያው ሚኒባስ ነው፣ ታርጋውን አመሳክሬያለሁ። ትግሉን ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ እንዲወርድ አደራ ብዬዋለሁ። የአሥራ ሦስቱ ስም፣ ደገፉና አቶ ጸሐዬም ጭምር፣ እንዳለ ነው፤ ከሁሉ በላይ የነበረው የእርስዎ ስም ብቻ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ከጎኑ በራስዎ የእጅ ጽሑፍ «እኔ በጽሕፈት ቤቱ ፒካፕ» ተብሎ ተፈርሞበታል። ማመልከቻዎቼን ማንም አላነበባቸውም ብዬ በየደረስኩበት ስምዎን ሳነሳ ነበርና ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አንብበዋቸዋል፣ አምነዋቸዋልም።